ሳህኑ ስም ያወጣለት አይብ

ሸክላ ጥብስ ስንል ሸክላው አይበላም። የሚበላው ሥጋው ነው፤ ስሙን ያወጣለት ግን ዕቃው ነው። ግሪኮችም በዚሁ መንገድ የተሰየመ ምግብ አላቸው፤ ሳጋናኪ ይሉታል። ወፈር ተደርጎ የተቆረጠ ደረቅ አይብ ዱቄት ተነክሮ በትንሽ መጥበሻ ይጠበስና ገና እየተንጣጣ ከነመጥበሻው ይቀርባል። ሎሚ ይጨመቅበታል፣ በዳቦ ይበላል፣ አለቀ። «ሳጋኒ» ሁለት ጆሮ ያለው ጠፍጣፋ የብረት መጥበሻ ነው፤ መጨረሻው ላይ የምትቀጠለው «አኪ» ደግሞ ማሳነሻ ናት። ግሪኮች ሳጋኒን የወሰዱት ከቱርክኛው «ሳሃን»፣ ቱርኮችም ከዐረብኛው «ሰሕን» ነው። እኛ ሳህን የምንለውም ከዚያው ከዐረብኛው የመጣ ነው። ሳጋናኪን ወደ አማርኛ እንመልሰው ካልን «ሳህኒት» ብንለው ከእውነቱ አንርቅም።

ስሙ የዕቃው መሆኑ እንግዳ ሰው ያሳስታል። ግሪክ አገር «ጋሪዴስ ሳጋናኪ» ብሎ ያዘዘ ሰው የሚመጣለት በቲማቲም ሶስ የበሰለ ሽሪምፕ ነው፤ ላዩ ላይ ፌታ የሚባለው ነጭ የግሪክ አይብ ተፈርፍሮበት። በሽሪምፑ ፈንታ ቅርፊታም የባሕር ምግብ የሚገባበትም አለ። እነዚህን ከተጠበሰው አይብ ጋር የሚያዛምዳቸው ያቺ ባለ ሁለት ጆሮ መጥበሻ ብቻ ናት። አይቡን የፈለገ «ቲሪ ሳጋናኪ» ይበል፤ ቲሪ አይብ ማለት ነው። (የሽሪምፕን ነገር ካነሣን አይቀር፦ ግሪኮች ደም የለውም ብለው በዐቢይ ጾም ሳይቀር ይበሉታል፤ በእኛ ኦርቶዶክስ ቤት በፍስክም አይነካም።)

ቤት ውስጥ ሞክሮት የተበላሸበት ሰው ጥፋቱን መጥበሻው ላይ ይፈልጋል፦ እሳቱ በዛ፣ ዘይቱ አነሰ፣ ቶሎ ገለበጥኩት። አብዛኛው ብልሽት ግን የተፈጸመው ከዚያ በፊት፣ ሱቅ ውስጥ አይቡ ሲመረጥ ነው። ተገቢው አይብ ከተገዛ ጥብሱ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። አይቡ ከተሳሳተ ግን የትኛውም ባለሙያ አያድነውም።

መጥበሻው ላይ የሚሆነው እሽቅድምድም ነው። ከውጭ ዱቄቱና የአይቡ ፊት ደርቀው ቅርፊት ለመሥራት ይሮጣሉ፤ ከውስጥ ሙቀቱ እየዘለቀ አይቡን ያላላዋል። ቅርፊቱ ከቀደመ የላላው አይብ እንደ ከረጢት ይያዝለታል፤ ውጩ የሚኮረሸም፣ ውስጡ የሚሳብ ይሆናል። ውስጡ ከቀደመ አይቡ መጥበሻው ላይ ይንጣለልና ስቡ ለብቻ፣ ፕሮቲኑ ለብቻ ሆኖ የተቃጠለ ላስቲክ ይመስላል። ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ፣ ዱቄቱም፣ ቀዝቃዛው ውሃም፣ የቁራጩ ውፍረትም፣ ቅርፊቱን ለማስቀደም የተቀመጠ ነው።

አንዱ አይብ ሲፈስስ ሌላው ለምን ይቆማል? የአይብ አጥንቱ ኬሲን የሚባል የወተት ፕሮቲን ነው። ኬሲኑ እርስ በርሱ ተያይዞ መረብ ይሠራል፣ መረቡን የሚያስተሳስረው ካልሲየም ነው፤ ስቡና ውሃው በመረቡ ውስጥ ተይዘዋል። አይቡ ሲሠራ በመጠኑ ከኮመጠጠና ፒኤቹ (የኮምጣጣነቱ መለኪያ፤ በኮመጠጠ ቁጥር ይወርዳል) ወደ 5.2 ገደማ ከወረደ ከካልሲየሙ ከፊሉ ይወጣል፤ እንዲህ ያለው መረብ ሲሞቅ ይላላል፣ ይሳባል። ሞዛሬላ ፒዛ ላይ እንደ ክር የሚጎተተው በዚህ ነው። ሳይኮመጥጥ፣ ፒኤቹ 6 አካባቢ እንዳለ ከተሠራ ግን ካልሲየሙ ስላልተነካ መረቡ ሙቀት አይፈታውም። የቆጵሮሱ ሃሉሚ ፍም ላይ ተቀምጦ ቅርፁን የማይለቀው ለዚህ ነው።

የእኛ አይብ ከሁለቱም ወገን አይደለም። አሬራው አስቀድሞ ኮምጥጧል፣ ቀጥሎ እሳት ላይ ተጥዶ ይረጋል፤ አብዛኛው ካልሲየም ከአጓቱ ጋር ሄዷል፣ ፕሮቲኑም ተኮማትሮ በየፍርፋሪው ቆሟል። ስቡ ደግሞ ከቅቤው ጋር ቀድሞ ወጥቷል። ስለዚህ አይቀልጥም፤ ግን አይያያዝምም። ምንም ያህል ቢጠነፈፍና ድንጋይ ቢጫነው፣ ተቆርጦ መጥበሻ ላይ ሲቀመጥ ይበታተናል። ለጎመንና ለክትፎ የተፈጠረ ነው። ለጥብስ የሚሆንበት ሌላ መንገድ አለ፤ እመለስበታለሁ።

ግሪኮች በብዛት የሚጠብሱት ኬፋሎቲሪን ነው፤ ከበግ ወይም ከፍየል ወተት የሚሠራ፣ ቢያንስ ሦስት ወር የሚበስል፣ ጠንካራና ጨዋማ አይብ። ግራቪየራ ከዚህ ይለሰልሳል፣ ጣፈጥም ይላል፤ ስሙ ከስዊሱ ግሩየር የተወሰደ ሲሆን የቀርጤስ፣ የናክሶስና የአግራፋ ግራቪየራዎች በአውሮፓ ኅብረት የትውልድ ስም ጥበቃ አላቸው። ኬፋሎግራቪየራ በስሙ እንደሚታወቀው የሁለቱ መካከለኛ ነው፤ ከምዕራብ መቄዶንያና ከኤፒሮስ አካባቢ ይመጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው ቢያማክረኝ ይህን እመርጥለታለሁ፦ እንደ ኬፋሎቲሪ ጨው አይበዛበትም፣ እንደ ግራቪየራም ቶሎ አይላላም። ካሴሪ ደግሞ ሊጡ በሙቅ ውሃ ተጎትቶ የሚሠራ ስለሆነ የበለጠ ይሳባል፤ ጣፋጭ ነው፣ ለጀማሪ ግን አስቸጋሪ ነው። በፓርናሶስ ተራራ ሥር ባለችው አራኾቫ የሚሠራው ፎርማኤላና የሌስቦስ ደሴት ላዶቲሪ (በወይራ ዘይት ተነክሮ የሚቀመጠው) እንዲሁ ለመጥበሻ ይወደዳሉ። ፌታም ይጠበሳል፤ ውሃው ብዙ ስለሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ በስስ የፊሎ ሊጥ ተጠቅልሎ ነው፤ ከዚያ ማርና ሰሊጥ ይደረግበታል።

እነዚህ ከሌሉስ? አሜሪካ ያለ ሰው የግሪክ ወይም የመካከለኛው ምሥራቅ ሸቀጥ መደብር ከሄደ ኬፋሎቲሪና ካሴሪ ያገኛል። ካላገኘ የጣሊያኑ ፔኮሪኖ ሮማኖ አለለት፤ የበግ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ችግሩ ጨዉ ነው። ገልፍ አገሮች ሃሉሚና የናብልስ አይብ በየሱፐርማርኬቱ ሞልቷል። እስራኤልና የባልካን ሰዎች በሚበዙባቸው የአውሮፓ ከተሞች ካሽካቫል የሚባለው የካሴሪ የቅርብ ዘመድ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ሰው ምርጫው ይጠብበታል፤ ከአገር ውስጡ ፕሮቮሎኔ ይሻላል፣ ያውም ጠንከር ያለውና የቆየው። ፕሮቮሎኔ የሚሳብ ዘር ስለሆነ ግን ሁለት ነገር ይፈልጋል፦ ከመጠበሱ በፊት 20 ደቂቃ ፍሪዘር ውስጥ መግባት፣ ከዱቄቱ በኋላም እንቁላል ተነክሮ እንደገና ዱቄት መልበስ። ጎውዳ እና ቼዳር የሚባሉት አይቦች ይፈስሳሉ። በብልጭልጭ ወረቀት የተጠቀለለው ባለ ሦስት ማዕዘን ቺዝ ደግሞ እንዲቀልጥ ተብሎ ማቅለጫ ጨው (የገበታው ጨው አይደለም) የተጨመረበት ነው፤ መጥበሻ አጠገብ አይድረስ። ፓርሜዛን በተቃራኒው በጣም ደረቅ ነው፤ ጠርዙ ይጠቁራል እንጂ ውስጡ አይለሰልስም።

ገዝቶ ከመጸጸት የሚያድን አንድ ቀላል ፈተና አለ። ከአይቡ ሁለት ሴንቲ ሜትር በሁለት የሚሆን ኩብ ቁረጡና ዘይት የሌለበት፣ የማይዝ መጥበሻ ላይ በመካከለኛ እሳት ሁለት ደቂቃ አስቀምጡት። ሥሩ ቡናማ ሆኖ ጎኖቹ ከቆሙ ተስማሚ ነው። ጎኖቹ ጎበጥ ብለው ሥሩ ትንሽ ከተስፋፋ በቅዝቃዜና በእንቁላል ይታገዛል። አንድ ደቂቃ ሳይሞላው ኩሬ ከሆነ ለቶስት ይዋል።

አሁን ጥብሱ። አንድ ቁራጭ ለሁለት ሰው መክፈቻ ይበቃል፤ 10 ሴንቲ ሜትር በ8፣ ውፍረቱ አንድ ተኩል ሴንቲ ሜትር ቢሆን ወደ 130 ግራም ይመዝናል። ከአንድ ሴንቲ ሜትር ከሳሳ ቅርፊቱ ሳይጠና ውስጡ ያልቃል፤ ከሁለት ከበለጠ ውጩ ሲጠቁር መኻሉ ድርቅ እንዳለ ይቀራል። ቅርፊቱን ወይም ሰሙን ከዳር ዳሩ አንሡለት። ግራቪየራ ቀዳዳ ይኖረዋልና ቀዳዳ የሌለበትን በኩል ምረጡ፤ ቀዳዳና ስንጥቅ አይቡ ሲላላ የሚያመልጥባቸው በሮች ናቸው።

ጨው የሚበዛበትን (ኬፋሎቲሪ፣ ፔኮሪኖ፣ በጨው ውሃ የተቀመጠ ሃሉሚ) ቆርጣችሁ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አኑሩት፤ ውሃውን መኻል ላይ አንዴ ለውጡ። ይህ የሚያወጣው ከፊት ፊቱ ያለውን ጨው ነው። ሳይቆረጥ ድፍኑን መዘፍዘፍ ግን ትርፍ የለውም።

ዱቄቱ ተራ የፉርኖ ዱቄት ነው፤ ለአንድ ቁራጭ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ይተርፋል። ቁራጩን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አንዴ ነከር አድርጋችሁ አውጡ፣ ውሃው ይንጠብጠብለት፣ ስድስቱንም ጎኖች ዱቄት አልብሱና በመዳፍ መታ መታ አድርጋችሁ ትርፉን አራግፉ። ውሃው እዚህ የገባው ዱቄቱን ለመያዝ ብቻ አይደለም። እርጥቡ ፊት ላይ ያረፈው ዱቄት ስስ ልጥፍ ይሆናል፣ ትኩስ ዘይት ሲያገኘው ስታርቹ ወዲያው ይጠናና አይቡን እንደ ቆዳ ይሸፍነዋል። ደረቅ አይብ ላይ የተነሰነሰ ደረቅ ዱቄት ግን ዘይቱ ውስጥ ተራግፎ ይቀራል። ሌላው ጥንቃቄ ሰዓቱ ነው፦ ዱቄቱን ያለበሳችሁት መጥበሻው ከጋለ በኋላ ይሁን። ዱቄት ለብሶ አሥር ደቂቃ የተቀመጠ ቁራጭ ልጥፉ ወፍሮ ሙጫ ይሆንና ሲገለበጥ ከነቆዳው ተልጦ መጥበሻው ላይ ይቀራል። ይበልጥ የሚኮረሸም የሚፈልግ ሩቡን ዱቄት በሴሞሊና (ሸካራ የስንዴ ዱቄት) ይተካ። የዳቦ ፍርፋሪ ግን አልመክርም፤ ከአይቡ ይልቅ ፍርፋሪው ይበላል።

መጥበሻው ወፍራም ይሁን። ለአንድ ቁራጭ ከ16 እስከ 18 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ከባድ የብረት መጥበሻ ተመራጭ ነው፤ የማይዝ መጥበሻም ይሠራል። ስስ አሉሚኒየም ቀዝቃዛው አይብ ሲያርፍበት ሙቀቱ በአንዴ ይወርድና እሽቅድምድሙን ከጅምሩ ያስረታል። ከባዱን ብረት ባዶውን ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ መካከለኛ እሳት ላይ አግሉት፤ የማይዘውን ግን ባዶውን አታግሉት፣ ከነዘይቱ ጣዱት። ዘይቱ የመጥበሻውን ወለል ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር ይሸፍን፤ ሦስት አራት የሾርባ ማንኪያ ነው። የወይራ ዘይት ጣዕሙን ያመጣል፣ የሱፍ ዘይትም አያሳፍርም። ንጥር ቅቤ ሙቀቱን ይችላል፤ ኮሰረቱና ኮረሪማው ግን የበጉን ወተት ጠረን ውጠው ያስቀሩታል። ካማራችሁ ቅመም ያልገባበትን ተጠቀሙ። ያልተነጠረ ቅቤ ደግሞ ውስጡ ያለው የወተት ትርፍ ስለሚያር አይሆንም።

የዘይቱ ሙቀት 180 ዲግሪ ገደማ ቢሆን ደግ ነው። ቴርሞሜትር የሌለው ቆንጠር ያለ ዱቄት ይጣልበት፦ ወዲያው ከተንጣጣና ነጭነቱን ሳይለቅ ጥቂት ከቆየ ደርሷል፤ ዝም ካለ ቀዝቅዟል፤ እንዳረፈ ቡናማ ከሆነ አልፏል። አይቡን ከእናንተ ወደ ውጭ አስተኝታችሁ አስቀምጡና እጃችሁን አንሡ። አትንኩት፣ አትጫኑት፣ አታንሸራትቱት። ቅርፊቱ እስኪጠና አይቡ መጥበሻውን ይይዛል፣ ሲጠና ራሱ ይለቃል። ከአንድ ደቂቃ ተኩል እስከ ሁለት ደቂቃ በኋላ ጠርዙ ዙሪያውን ወርቃማ ሲሆን በሰፊ መገልበጫ ከሥሩ ገብታችሁ አንዴ ብቻ ገልብጡ። ሁለተኛው ጎን ያጥራል፤ አንድ ደቂቃ ወይም ትንሽ በለጥ ይላል። መድረሱ የሚታወቀው ጎኑ ላይ ነው፦ ጎኑ ትንሽ ሆድ አውጥቶ ሲርገበገብ ይውጣ። አይቡ በአንድ በኩል ላብ ማውጣት፣ ማለትም ስብ ማንጠባጠብ ከጀመረ ዘግይታችኋል።

ሎሚው እሳቱ ከጠፋ በኋላ ነው። የባሕር ማዶው ትልቅ ቢጫ ሎሚ ከሆነ ሩቡ ወይም ግማሹ፤ የእኛ ትንሿ አረንጓዴ ሎሚ ግን ኮምጣጣነቷ ስለሚያይል ግማሽዋ ለአንድ ቁራጭ ትበቃለች። ጨው አይጨመርም። ቁንዶ በርበሬና የደረቀ ኦሬጋኖ ይሄዱለታል። ማር የሚወድ ካለ ሎሚውን ይተውና አንድ የሻይ ማንኪያ ማርና የተቆላ ሰሊጥ ያድርግበት፤ ማሩ መጥበሻው ላይ እሳት እያለ ከፈሰሰ ይቃጠላልና አሁንም ከእሳት ወርዶ።

ዳቦው ተቆርጦ፣ ቲማቲሙና ወይራው ቀርቦ፣ ሰው ሁሉ ተቀምጦ ነው ዘይቱ የሚጣደው። ሳጋናኪ እንግዳ አይጠብቅም። ከአምስት ደቂቃ በኋላ የላላው መረብ ተመልሶ ይጠብቅና አይቡ እንደ ጎማ ይታኘካል። ሸክላ ጥብሱ ፍም ባለበት ሸክላ፣ ሳጋናኪው በጋለው ብረት የሚቀርበው በአንድ ምክንያት ነው፤ ዕቃው እሳቱን ይዞ ገበታ ድረስ ይመጣል። ጠረጴዛችሁን ከወደዳችሁት ከሥሩ እንጨት አድርጉ።

ችግር ሲመጣ ምልክቱን ማንበብ ይቻላል። ዘይቱ በኃይል ከተረጨ አይቡ ውሃ አዝሏል፤ ሃሉሚ ከሆነ ከተዘፈዘፈ በኋላ በሶፍት በደንብ መድረቅ ነበረበት። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው ከ92 እስከ 93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እርጥቡ አይብ እዚያ ቀድሞ ይንጣጣል፣ ስለዚህ ማድረቁ ይበልጥ ያስፈልጋል። ቅርፊቱ ከመረረ የጥፋቱ ምንጭ ከቀደመው ቁራጭ የተራገፈ ዱቄት ነው፤ ዘይቱ ውስጥ ጠቁሮ አዲሱ ላይ ይለጠፋል። ከሁለት ሦስት ቁራጭ በኋላ ዘይቱን ደፍታችሁ መጥበሻውን ጥረጉና በአዲስ ጀምሩ። ውጩ ወርቃማ ሆኖ መኻሉ ቀዝቃዛ ከሆነ ቁራጩ ፍሪዘር ውስጥ በዝቶበታል፤ ጠንካራ አይብ ከፍሪጅ ወጥቶ በቀጥታ ይጠበሳል፣ ፍሪዘሩ ለሚሳቡት ብቻ ነው። ሲገለበጥ የተሰበረ ደግሞ ጥበብ ጎድሎት ሳይሆን መገልበጫው ጠቦት ነው።

እሳት ስለማስነሣቱም አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው ሳጋናኪን የሚያውቀው በነበልባሉ ነውና። አስተናጋጁ ኮኛክ አፍስሶ ይለኩሰዋል፣ «ኦፓ!» ይባላል፣ ሎሚ ተጨምቆ ይጠፋል። ይህ የግሪክ ልማድ አይደለም፤ የቺካጎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 በዚያች ከተማ የግሪኮች ሰፈር የተከፈተውና በ2016 የተዘጋው ፓርቴኖን የተባለ ምግብ ቤት እንደጀመረው ይነገራል። ለትርኢት ያምራል። ለአይቡ የሚጨምርለት ጥቂት ነው፤ ትኩስ ዘይት ላይ ጠንካራ አልኮል ማፍሰስ ግን መጋረጃና ቅንድብ ያለበት ቤት ውስጥ የሚደረግ አይደለም። ኡዞ ካለ በብርጭቆ ይቅረብ፤ ውሃ ሲነካው ነጭ የሚሆነው ያ የአኒስ መጠጥ ከጨዋማ አይብ ጋር ድሮ የተጋባ ነው።

የሚጠበስ አይብ በገበያ ለጠፋበት ወይም ዋጋው ለከበደበት የሃሉሚ ዓይነቱን ራሱ መሥራት ይችላል፤ ከጠንካራዎቹ የግሪክ አይቦች በተለየ ወራት መጠበቅ አያስፈልገውም። (ሃሉሚ የሚለው ስም ራሱ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት ለቆጵሮስ ብቻ የተጠበቀ ነው፤ የእናንተ «የሃሉሚ ዓይነት» ነው የሚባለው።) አምስት ሊትር ስቡ ያልተቀነሰ ትኩስ የላም ወተት ወደ ግማሽ ኪሎ ወይም ትንሽ በለጥ ያለ አይብ ይሰጣል፤ የፍየል ወይም የበግ ከተቀላቀለበት ጣዕሙ ይሻላል። ለረጅም ጊዜ እንዲቆይ በከፍተኛ ሙቀት የታከመው የካርቶን ወተት አይሆንም፤ ፕሮቲኑ ስለተጎዳ የሚረጋው ልል ሆኖ ነው። ጥሬ ወተት ከሆነ 63 ዲግሪ ላይ 30 ደቂቃ አቆዩት፤ በጥሬ ወተት የሚተላለፈው የብሩሴላ ባክቴሪያ ነገር ቀልድ አይደለም። ወተቱ ዕለቱን የታለበ ይሁን። መኮምጠጥ የጀመረ ወተት ፒኤቹ ወርዷልና የሚወጣው አይብ ወይ ይቀልጣል ወይ ይፈርሳል። ማንኪያ ሙሉ ወተት አፍልታችሁ ከተቆራረጠ ለእርጎ ይሁን።

ወተቱን 34 ዲግሪ ላይ አድርሱና ረኔት የሚባለውን የማርጊያ ኢንዛይም ጨምሩ። መጠኑ እንደ ብርታቱ ስለሚለያይ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ተከተሉ፤ መጀመሪያ ግን ፈልቶ በቀዘቀዘ ግማሽ የቡና ስኒ ውሃ በጥብጡት፣ የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ያዳክመዋልና። አንድ ደቂቃ አማስሉ፣ ክደኑ፣ 45 ደቂቃ አትነቅንቁት። ቢላዋ አስገብታችሁ ቀና ስታደርጉት ስንጥቁ ንጹሕ ሆኖ ጥርት ያለ አጓት ከሞላው ደርሷል። እንደ እርጎ ከተላወሰ አሥር ደቂቃ ጨምሩለት። ማዳበሪያ እርሾ ወይም እርጎ አይገባበትም፤ አይኮምጥጥ ነውና ዓላማው።

አንድ ተኩል ሴንቲ ሜትር በሚሆን ኩብ ከታትፋችሁ አምስት ደቂቃ አሳርፉት፣ ከዚያ በቀስታ እያማሰላችሁ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ወደ 40 ዲግሪ አድርሱት። ቸኩሎ ያሞቀ ሰው ውጩ የተዘጋ፣ ውስጡ ውሃ ያዘለ ፍርፋሪ ያገኛል። በስስ ንጹሕ ጨርቅ አጥልሉት፣ አጓቱን እንዳትደፉ፤ የረጋውን በጨርቁ ጠቅልላችሁ ሦስት አራት ኪሎ ክብደት ጫኑበት፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ገልብጣችሁ ሌላ አንድ ሰዓት። አጓቱ በዚህ መኻል ወደ 90 ዲግሪ ይሙቅ፤ ላዩ ላይ የሚንሳፈፈውን ነጭ ነገር ለቅማችሁ አስቀምጡት፣ ቆጵሮሶች አናሪ የሚሉት ለስላሳ አይብ እሱ ነው። የተጫነውን አይብ ሦስት ሴንቲ ሜትር ውፍረት አድርጋችሁ ቁረጡና አጓቱ ውስጥ ጨምሩት። መጀመሪያ ይሰምጣል። ከግማሽ ሰዓት እስከ 40 ደቂቃ ውስጥ ወደ ላይ ይመጣል፤ ያን ጊዜ በስሏል። አጓቱ እንዳይንተከተክ እሳቱን ቀንሱ። ይህ መቀቀል ነው መረቡን ለመጨረሻ ጊዜ የሚያስረው፤ ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው አይቡ መጥበሻ ላይ ሲለሰልስበት አይደነቅ።

ትኩሱን አውጥታችሁ ለግማሽ ኪሎው አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል ጨውና የደረቀ ናና ሁሉም ጎን ላይ እሹት። ሲቀዘቅዝ ይጠበሳል፤ ለማቆየት ግን በአንድ ሊትር የቀዘቀዘ አጓት 100 ግራም ጨው አሟሙታችሁ ፍሪጅ ውስጥ ሸፍኑት፣ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ሲጠበስ ዱቄት አያሻውም፤ የሚሸሽ ስለሌለ ከረጢት አይፈልግም። በሶፍት ማድረቅ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት፣ በየጎኑ ሁለት ደቂቃ። ጥርስ ላይ የሚያወጣው ያ የጩጭታ ድምፅ የኬሲኑ መረብ ነው፤ ድምፁ ከሌለ አይቡ ኮምጥጦባችሁ ሊሆን ይችላል።

ቀን ለሚመርጥ ሰው፦ ግሪኮች ከዐቢይ ጾም በፊት ያለውን የመጨረሻ ሳምንት «ቲሪኒ»፣ የአይብ ሳምንት ይሉታል። ሥጋው ከሳምንቱ በፊት ባለው እሑድ ይቆማል፤ ወተት፣ አይብና እንቁላል እስከ ቀጣዩ እሑድ ይበላል። ፋሲካችን በአንድ ቀን ስለሚውል ሲቆጠር ያ ሳምንት እኛ ጾመ ሕርቃል ብለን ሁዳዴን የጀመርንበት ነው። እነሱ አይቡን ሲሸኙ እኛ ሸኝተን ጨርሰናል።

የቀረችው ያቺ የእኛ አይብ ናት። ግሪኮች የተረፈ የአይብ ፍርፋሪ በእንቁላልና በዱቄት አድቦልቡለው ይጠብሳሉ፤ ቲሮከፍቴዴስ ይሉታል፣ የአይብ ኮፍታ እንደማለት። 250 ግራም አይብ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ሌሊቱን ፍሪጅ ውስጥ ከነክብደቱ አጠንፍፉት። አንድ እንቁላል፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ፣ የተከተፈ ናና ወይም ቀጭን የሽንኩርት ቅጠል ጨምሩበት፤ ስቡ ስለሌለው አንድ የሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይትም ይግባበት። ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ አሳርፋችሁ እንደ ዋልነት አድቦልቡሉ፣ በመዳፍ ጠፍጠፍ፣ ዱቄት ነካ፣ አንድ ሴንቲ ሜትር በሚሆን ዘይት በየጎኑ ሁለት ደቂቃ። ቢፈርስባችሁ አይቡ ውሃ አለበት፤ አንድ ማንኪያ ዱቄት ጨምሩና አንዱን ብቻ ጠብሳችሁ ቅመሱ። አይሳብም፤ አይብ አይብ ግን ይላል።